ለተሠራች ሞተር የሚስማማ ፊቱ ክፍት ሄልሜት፦ የጎንደር ሞተረኞች ክርክር

ይህ ጽሑፍ የጎንደር ሞተረኞች በጽሑፍ ያደረጉትን አንድ ውይይት (ክር) ይተርካል፤ ቁጥሮቹ መልሶቹ የመጡበትን ቅደም ተከተል ያመለክታሉ። ክሩን የከፈተው ማራኪ አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛትን አሮጌ ሆንዳ ኤክስ.ኤል. 125 ሙሉ በሙሉ ፈትቶ እንደገና እንዳሠራት፣ የፕላስቲክ ፓራፋንጎዎቿ ወጥተው በአጫጭር የቆርቆሮ እንደተተኩ፣ የሻንሲዋ ጭራ ተቆርጦ ቡናማ የቆዳ መቀመጫ እንደተሰፋላት፣ የቤንዚን መያዣዋ፣ ሰልባትዮዋም፣ ጥቁር አረንጓዴ ተቀብቶ በግራና በቀኙ ቀጭን የክሬም መስመር እንደተሰመረበት በደስታ ከዘረዘረ በኋላ፣ የቀረው ሄልሜት ብቻ መሆኑን ይናገራል። የሚፈልገውም እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን መልክ የያዘ፣ ፊቱ ክፍት፣ ቅርጹ ክብና ያልተወሳሰበ ሄልሜት ነው። መነጽር እንደሚያደርግም አስታውቋል።

በፊቱ ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው እኅቱ ከውጭ አገር ስትመጣ ቤል ከስተም 500 የተባለውን ገዝታ እንድታመጣለት ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከአራዳ ርካሽ ሄልሜት ገዝቶ ሰልባትዮውን ለቀባው ባለሙያ መስጠት ነው። ሦስተኛው ጎረቤቱ ለብዙ ዓመታት ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠውት የኖሩትን፣ የውስጥ ቆዳው የተሰነጣጠቀ የጣሊያን ሄልሜት ተቀብሎ ማደስ ነው። ጥያቄው በዚህ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ውይይቱ በጥቂት መልሶች በተዘጋ ነበር። ነገር ግን ጠያቂው በመጨረሻ የራሱን አስተያየት ጨመረበት፤ በከተማው ኮብልስቶን ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ስለሌለ፣ አገጭ የሚሸፍነው ሄልሜት ደባርቅና ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሰው እንጂ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ለሚነዳ እንደማያስፈልግ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ሁሉ ማንኛውም ሄልሜት በቂ እንደሆነ ጻፈ። ክርክሩን ያጋለው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው።

ቁጥር 1 ደስታውን ከመግለጽና የሞተሯን ፎቶግራፍ ከመጠየቅ አላለፈም። ቁጥር 2 ግን ለነገሩ ታሪክ የሚጨነቅ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ቤል በካሊፎርኒያ፣ ቤል በተባለች ከተማ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተነሣ ድርጅት እንደሆነና 500 የተባለውን ሄልሜት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳወጣ ገልጾ፣ ያ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራውን የጀመረበት መሆኑንም በፈገግታ አስታወሰ። ከዚያ አንድ ጠቃሚ ነገር ተናገረ፤ ዛሬ የሚሸጠው ከስተም 500 የጥንቱን ቅርጽ ይዞ በዘመናዊ መንገድ የተሠራ እንደሆነ፣ ፊት ጨርሶ የሚሸፍነው ሄልሜት ደግሞ ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደሆነ አስረዳ። ስለዚህ በድሮ ፎቶግራፍ የምናያቸው ሞተረኞች ፊታቸውን ክፍት ያደረጉት መርጠው ሳይሆን ሌላ ዓይነት ስላልነበረ ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ ሌሎቹ በኋላ እየመዘዙ ይከራከሩበታል።

ቁጥር 3ን የጻፉት አዘዞ ውስጥ ረጅም ዘመን በሞተር ጥገና የቆዩ አዛውንት ናቸው፤ ጠያቂውንም ልጄ እያሉ ነው የሚመክሩት። ከማርክም ከቀለምም አስቀድሞ የልብስ ሰፊ ሜትር እንዲያነሣ፣ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ከጆሮዎቹ በላይ አሳልፎ፣ ከኋላ ጭንቅላቱ ይበልጥ ወጣ ባለበት ላይ አዙሮ እንዲለካ ነገሩት። በብዙ አምራቾች ዘንድ 57 እና 58 ሴንቲ ሜትር ኤም፣ 59 እና 60 ኤል እንደሚባል፣ ሆኖም በየኩባንያው ልዩነት ስለሚኖር የሚገዛውን የራሱን ሠንጠረዥ ሳያይ ማዘዝ እንደሌለበት አስጠነቀቁት። አዲስ ሄልሜት ጉንጭ ላይ ጠበቅ ሊል እንደሚገባም ጨመሩ፤ ምክንያቱም የውስጡ ስፖንጅ በጊዜ ብዛት ይለቅቃል። ሲያደርገው የግንባሩ ቆዳ ከሄልሜቱ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ ማሰሪያው ታስሮ ሳለ ሌላ ሰው ከኋላ በኩል ከሥሩ ይዞ ወደ ፊት ቢገፋው መውለቅ የለበትም።

አዛውንቱ ወደ መልክ ሲሻገሩ የተናገሩት ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ፊቱ ክፍት ሄልሜት የሚያስጠላው በቀለሙ ሳይሆን በትልቅነቱ እንደሆነ አስረድተዋል። ርካሽ የሚሸጠው አምራች ወጪ ለመቀነስ የሄልሜቱን የውጭ ቅርፊት በአንድ መጠን ብቻ ያወጣና ለትንሹም ለትልቁም ራስ ውስጡን በስፖንጅ እየሞላ ያቀርበዋል፤ ራሱ አነስ ያለ ሰው ሲያደርገው እንጉዳይ ይመስላል። ደኅና አምራች ግን ቅርፊቱን ራሱን በተለያየ መጠን ስለሚሠራ ሄልሜቱ ወደ ራስ ተጠግቶ ይቀመጣል። ኤክስ.ኤል. 125ን በመሰለች ቀጭን ሞተር ላይ ደግሞ ጉድለቱ ከሁሉም ይልቅ ይጎላል፤ ከፊት መብራቷ የሚበልጥ ሄልሜት አድርጎ የሚነዳት ሰው የደከመበትን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። እኔ ይህን መልስ የክሩ ዋና ነገር አድርጌ ነው የማየው፤ ሄልሜቱን የሚያሳምረውና በውድቀት ጊዜ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚያደርገው ያው አንዱ ልክ ነውና። ከዚህ በኋላ ከተጻፉት ብዙዎቹ ይህን ሳያስተውሉ መልክን በአንድ ወገን፣ ደኅንነትን በሌላ ወገን አሰልፈው ተሟግተዋል።

ቁጥር 4 ጠያቂው ራሱ ነበር። አዛውንቱን ጋሼ ብሎ አመስግኖ፣ ራሱ 59 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አስታወቀ።

ቁጥር 5 በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። በጨዋ ቋንቋ፣ ነገር ግን ምንም ሳታለዝብ፣ የጠያቂውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አፈረሰችው። ራስን የሚጎዳው ሞተሩ ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲወድቅ ራሱ ከነበረበት ከፍታ ወደ መሬት የሚወርድበት ፍጥነት እንዳለ፣ ይህም በ20 ሲነዳም በ60 ሲነዳም አንድ እንደሆነ አስረዳች። ከ1 ሜትር ከ60 ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ሲነካ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። የአሜሪካው ደረጃ ሄልሜትን የሚፈትነው ከ1.83 ሜትር ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በመጣል እንደሆነ፣ ይህም በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ፍጥነት እንደሆነ፣ የአውሮፓው አዲሱ እትም ደግሞ እስከ 8.2 ሜትር እንደሚሄድ ጠቅሳ፣ ፈተናው ራሱ ከቁመት መውደቅን የሚመስል ስለሆነ ከፒያሳ ማራኪ የሚነዳውንም በቀጥታ እንደሚመለከተው ደመደመች። የኮብልስቶን ጠርዝም ከጠፍጣፋው ብረት የሚራራ አይደለም። በተጨማሪም በጀርመን አገር በሃኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ጥናት አነሣች፤ አደጋ በደረሰባቸው ሞተረኞች ሄልሜት ላይ ከተመዘገቡት ምቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ያረፉት በአገጭ አካባቢ ነበር። ፊቱ ክፍት ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ይህን አውቆ ያድርገው እንጂ ሳያውቅ አያድርገው ነበር ሐሳቧ።

ከዚህ በኋላ አነጋገሩ ተበላሸ። ቁጥር 6 ነርሷ ሰውን በከንቱ እያስፈራራች እንደሆነ፣ በከተማው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞተረኛ ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ሲያይ ብቻ እንደሚያጠልቀው፣ ቢያንስ ጠያቂው ለማድረግ ማሰቡ ሊመሰገን እንደሚገባ ጻፈ። ግማሹን ቆጥሮ አላረጋገጠውም፤ ሆኖም ሄልሜትን መሪ ላይ ማንጠልጠል የተለመደ መሆኑን በከተማችን የሚኖር ሰው አይክድም። ቁጥር 7 መልሶ ቁጥር 6ን ክፉኛ ዘለፈው፤ ለፎቶግራፍ ሲባል ጥርሱን የሚሰጥ ሰው ጥርሱን ያልወደደ ነው በሚል መንፈስ ጻፈና፣ ጠያቂውንም ለሞተሯ እንጂ ለራሱ እንዳላሰበ አድርጎ ወቀሰው። እኔ ቁጥር 7ን የምቃወመው በቃላቱ ሻካራነት ብቻ ሳይሆን ሰውየው ለቀረበው ጥያቄ አንድም መልስ ስላልሰጠ ነው።

ነገሩን ያበረደው ቁጥር 8 ነው። በመጀመሪያ ቁጥር 2 የተናገረውን መልሶ አነሣና፣ የዐረቢያው ሎረንስ እየተባለ የሚታወቀው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1935 የሞተው በሩቅ ጉዞ ሳይሆን በቤቱ አቅራቢያ ባለ የገጠር መንገድ፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ሊያድን ሲሞክር በደረሰበት አደጋ እንደሆነ፣ ያለ ሄልሜት እንደነበረም ተረከ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂው ኬርንዝ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ስለ ሄልሜት ጥቅም የሚናገር ጽሑፍ አውጥቷል። ቁጥር 8 በዚህ ለነርሷ ከወገነ በኋላ ለቁጥር 6ም ድርሻውን ሰጠው፤ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት ማድረግ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ማሳየቱን ጠቀሰ። ነርሷ ወዲያው ገብታ ቁጥሩ ሄልሜት ያደረጉትን ካላደረጉት ጋር የሚያነጻጽር እንጂ ፊቱ ክፍቱን ከዝጉ ጋር የሚያነጻጽር እንዳልሆነ አረመች፤ ይህ ቁጥር 9 ነው። እርማቱ ትክክል ነበር፤ ቁጥር 8ም ተቀበለው።

ቁጥር 10 ውይይቱን ወደ ገበያ መለሰው። በአራዳ ሱቆች የሚታየውን ዲ.ኦ.ቲ. የሚል፣ የአሜሪካን ደረጃ ያሟላል ለማለት የሚለጠፍ ተለጣፊ ማንም አታሚ ሊያትመው ስለሚችል እንዳይታመን መከረ። የአሜሪካው ደረጃ ቁጥር 218 እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ አምራቹ ራሱ ሄልሜቱ ደረጃውን እንደሚያሟላ ያስታውቃል፤ መንግሥት የሚመረምረው ለገበያ ከቀረበው መካከል እየገዛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ለተመረተው ደግሞ ተለጣፊው ሦስቱን ፊደላት ብቻ ሳይሆን የአምራቹንና የሞዴሉን ስም፣ የደረጃውን ቁጥር፣ የተረጋገጠ መሆኑን የሚገልጸውንም ቃል መያዝ አለበት። የአውሮፓው ሌላ መንገድ አለው፤ ሄልሜቱ ከመሸጡ በፊት ተፈትኖ መጽደቅ አለበት፤ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይገኛል። በክብ ውስጥ ኢ የተባለው ፊደል ፈቃዱን ከሰጠው አገር ቁጥር ጋር ይጻፋል፤ 3 ኢጣሊያ፣ 4 ኔዘርላንድስ ነው። ከሥሩ የሚመጣው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ሲጀምር የደረጃውን እትም ያመለክታል፤ 06 አዲሱ ነው። ጄ የሚል ፊደል ካለ አገጩ ያልተሸፈነ መሆኑን፣ ፒ ከሆነ መከላከያ ያለው መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ጠያቂው በማሰሪያው ላይ የሚፈልገው ጄን ነው። ከሕንድ የሚመጡት ደግሞ አይ.ኤስ. 4151 የሚለውን የአገራቸውን ደረጃ ይይዛሉ፤ የሕንድ ሞተሮች በከተማችን ስለበዙ ይህ ምልክት ያለበት ሄልሜት ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም።

ቁጥር 11 ከገበያ ገዝቶት ስለነበረ ሄልሜት ተናገረ። ውጭው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ቅርጹም ቆንጆ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የውስጡ ጨርቅ ሲላጥ ከሥሩ የተገኘው የፍራሽ ስፖንጅ ነበር፤ ምት የሚቀበለው ጠንካራ ነጭ ፎም ጨርሶ አልነበረም። ሱቁን አልጠቀሰም፤ ማንም አልጠየቀውም። ከዚህ ተነሥቶ ቁጥር 12 መፈተሻውን ነገረ፤ ጨርቁን በጣት ገለጥ አድርጎ ነጩን ፎም መፈለግ፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ማየት፣ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ተመልሶ የማይነሣ መሆኑን መሞከር። ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ሄልሜት ለጌጥ የተሠራ ስለሆነ ትቶ መሄድ ነው። ስለ ማሰሪያውም የተናገረው አልተለመደም፤ ሁለት ቀለበት ያለው ማሰሪያ ጫፉ በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ ገብቶ፣ ተመልሶ በአንደኛው ብቻ ሾልኮ ሲጎተት ነው የሚታሰረው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጠቅ የምትል ቁልፍ የተረፈው ማሰሪያ በነፋስ እንዳይወዛወዝ የምትይዝ ናት እንጂ ማሰሪያ አይደለችም። ቁልፏን ብቻ ጠቅ አድርገው የሚነዱ ሰዎች አሉ።

ቁጥር 13 በእኔ ግምት ከአዛውንቱ መልስ ቀጥሎ የሚጠቀስ ነው። ጸሐፊው ቀለም ቀቢ ነው፤ መኪናም ሞተርም ይቀባል። ርካሽ ሄልሜት ገዝቶ ማስቀባት የሚለውን ሁለተኛውን አማራጭ ጥቅሙ ሆኖ ሳለ ራሱ ተቃወመው። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ፣ ማለትም ከኤ.ቢ.ኤስ. ወይም ከፖሊካርቦኔት የሚሠሩ ናቸው። እርሱ በየቀኑ የሚጠቀምበት ቲነር ፖሊካርቦኔትን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣበታል፤ ቀለሙ ደርቆ ሲወለወል ስንጥቁ ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል፤ ባለቤቱም ያማረ መስሎት የተዳከመ ነገር ራሱ ላይ ያደርጋል። በዚያ ላይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ጭረቱ በስቱኮ ይሞላል፣ እንዲደርቅ በሙቀት ይያዛል፤ ሙቀቱ ደግሞ የውስጡን ፎም ያኮማትራል። ፋይበርግላስ ለቀለም የተሻለ ይታገሣል፤ እርሱም ቢሆን የውስጡ ዕቃ ወጥቶ፣ ፎሙ በሚገባ ተሸፍኖ፣ የአምራቹ መመሪያ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቅርፊቱ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል፤ ጽሑፉ ከጠፋ የጠርዙን ጎማ ገለጥ አድርጎ የፋይበሩን ክር መፈለግ ነው። በመጨረሻም ብዙዎቻችን የምንፈጽመውን አንድ ነገር ጠቆመ፤ ሄልሜትን ገልብጦ ሰልባትዮው ላይ፣ ያውም ክዳኑ ላይ፣ ማስቀመጥ። ቤንዚን ያንን ነጭ ፎም ያቀልጠዋል፤ ትነቱም ቢሆን የሚጠቅመው ነገር የለም።

ስለ ቀለም ምርጫ ከቁጥር 14 እስከ 17 ድረስ ተጻፈ። አንዱ ከሰልባትዮው ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት አረንጓዴ እንዲሆን መከረ። ሌላው ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ፀሐይ የሰልባትዮውንና የሄልሜቱን ቀለም እኩል ስለማታደበዝዝ ከዓመት በኋላ ሁለት የተለያየ አረንጓዴ እንደሚሆኑ፣ ከመጀመሪያውም ቢሆን ሁሉ ነገር አንድ ቀለም ሲሆን ሰውየው የደንብ ልብስ የለበሰ እንደሚመስል ተከራከረ። እርሱ ያቀረበው ሄልሜቱ የክሬሙን መስመር ቀለም እንዲይዝ፣ አረንጓዴው ደግሞ በቀጭን ተለጣፊ መስመር ብቻ እንዲታይበት ነው። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ክሬም ቡናማውን መቀመጫም ያስተናግዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማታ ባጃጁ ሁሉ ሲተራመስ ከሩቅ ይታያል። ደብዛዛ ጥቁር የሚወዱት ተሰብስበው ድምፃቸውን አሰሙ፤ ምክንያት ግን አልሰጡም። እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን የሚያብረቀርቅ የብር ፍንጣሪ ቀለም የሚፈልግም አንድ ሰው ነበር፤ ረጅም መሪ ለተሠራላት ትልቅ ሞተር ይስማማ ይሆናል፣ ለዚህች ግን አይመስለኝም።

ቁጥር 18 ላይ አዛውንቱ ተመልሰው መጡ። ሰው በሄልሜት ምርጫ የሚሳሳተው መስታወት ፊት ቆሞ ስለሚመርጥ እንደሆነ ተናገሩ። መስታወት ፊትን ብቻ ያሳያል፤ መንገደኛ የሚያየው ግን ሞተሯንና ሰውየውን በጎን በኩል፣ አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ልኩ የሚሆነውን ሄልሜት ከጓደኛው ተውሶ፣ ሞተሯ ላይ ተቀምጦ፣ ከአምስት ስድስት ሜትር ርቀት ላይ በጎን ፎቶግራፍ እንዲያስነሣ፣ ከዚያም የሄልሜቱ ጀርባ፣ የሰልባትዮው ከፍታና የመቀመጫው መጨረሻ የሚሠሩትን መስመር እንዲመለከት መከሩት። የግንባር ጥላ የሚባለው አጭር ፕላስቲክ እንደ እርሷ ላለች የገጠር መንገድ ዘር ለሆነች ሞተር እንደሚያምርባት፣ ነገር ግን ፍጥነት ሲጨምር ነፋስ ይዞ ራስን ወደ ኋላ እንደሚጎትት ጨመሩ።

ስለ ዓይን የተነሣው በቁጥር 19 ነው፤ ጸሐፊው በሥራ ምክንያት ወደ ጎርጎራ የሚመላለስ ነው። ፊቱ ክፍት ሄልሜት ያደረገ ሰው አቧራውን፣ ጠጠሩንና ነፍሳቱን የሚቀበለው በራሱ ፊት ስለሆነ፣ የማየት መነጽር ብቻ እንደማይበቃው፣ አቧራ በመነጽሩ ጎንና ሥር እየገባ ዓይንን እንደሚያስለቅስ ገለጸ። በመነጽር ላይ የሚደረገው ጎግል፣ ማለትም ዓይንን ዙሪያውን የሚዘጋው የአቧራ መነጽር፣ አፍንጫን ይጫናል፤ ካልሰፋም የመነጽሩን እጆች ወደ ጆሮ ይገፋቸዋል። እንደ ፊኛ የተነፋው ክብ ቫይዘር፣ ማለትም ፊት ላይ የሚወርደው ግልጽ መከለያ፣ መነጽርን አይነካም፣ ለድሮ መልክም ይስማማል፤ ነገር ግን ሄልሜቱን ከጎን ሲያዩት ትልቅ ያደርገዋል፣ በሐምሌ ዝናብም በውስጥ በኩል ጉም ይይዛል። ሾኤይ ጄ.ኦ. የተባለው ሞዴል ከቅርፊቱ ውስጥ ወደ ታች የሚሳብ ቫይዘር ስላለው የድሮ መልኩን ሳያጣ ችግሩን እንደሚያቃልል ጠቀሰ። ቁጥር 20 ዋጋው ለማን ነው ብሎ ሳቀበት።

ከዚያ ጨዋታው ከመንገድ ወጣ። ስለ ቤንዚን ሰልፍ አማረሩ፤ ለጥምቀት ሞተሮቻቸውን አስውበው አብረው ስለ መውጣት አወሩ፤ አንዱ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ደባርቅ ጠዋት በማለዳ ፊቱ ክፍት ሄልሜት አድርጎ ሲወጣ አገጩ ደንዝዞ ሻይ መጠጣት እንዳቃተው ተረከ። አወያዩ በቁጥር 24 ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠየቀ።

የመለሰቻቸው ቁጥር 25 ናት፤ ሴት ሞተረኛ ናት። ከእርሷ በፊት ማንም ያላሰበውን ነገር አነሣች። ሹሩባ ስትሠራ የራሷ ልክ እንደሚጨምር፣ ሹሩባው ሲፈታ ደግሞ ያው ሄልሜት እንደሚላላባት፣ ስለዚህ በሹሩባ ላይ ተለክቶ የተገዛ ሄልሜት ለግማሹ ወር ብቻ ልክ እንደሚሆን አስረዳች። እርሷ ያገኘችው መፍትሔ ጸጉሯ ተፈትቶ ሳለ መለካትና፣ ሄልሜት የምታደርግ ከሆነ ሹሩባውን ቀጭን፣ ወደ ኋላ የተጋደመና ከአናት ላይ ቋጠሮ የሌለው አድርጋ መሠራት ነው፤ ቋጠሮ ካለ ሄልሜቱ አንድ ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ከዚያ ጠያቂውን ወንድሜ ብላ፣ መቀመጫዋን ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርጎ አሰፍቶ ስለ አንድ ሄልሜት ብቻ ለምን እንደጠየቀ በቀጥታ ጠየቀችው። ቁጥር 26 በዚህ ሳቀ። ነርሷ ግን ሳትስቅ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የሚወድቀውም ከዚያው ከፍታ እንደሆነ በአንድ መስመር ጽፋ አለፈች።

ስለ ጎረቤቱ የጣሊያን ሄልሜት የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የሚያከራክር ነገርም አልነበረውም። ቁጥር 28 የውስጡ ፎም፣ ሙጫውና ማሰሪያው በላብ፣ በሙቀትና በዘመን ብዛት እንደሚደክሙ፣ ሄልሜቶችን የሚፈትነው የአሜሪካ ድርጅት፣ ስኔል ፋውንዴሽን፣ ሄልሜት በየአምስት ዓመቱ እንዲለወጥ እንደሚመክር፣ አንድ ጊዜ አደጋ ያገኘው ደግሞ ቢያምርም ፎሙ ታምቆ ስለሚቀር ሁለተኛ እንደማይሠራ ጻፈ። ሐሳቡ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ይሰቀል የሚል ነበር፤ የተቃወመ የለም።

ጠያቂው በቁጥር 29 ተመልሶ ውሳኔውን አሳወቀ። ቀለም ቀቢውንና አዛውንቱን በተለይ አመሰገነ፤ ለቁጥር 7 ምንም አልመለሰም፤ ልክ አድርጓል። ማስቀባቱን ትቷል። እኅቱ በአውሮፓ ስለምትኖር ከስተም 500ን በክሬም ቀለም፣ በማሰሪያው ላይ 06 እና ጄ ያለበትን እንድትገዛለት፣ በሱቁም ውስጥ ራሱ 59 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው አስለክታ ቅርፊቱ ሲያደርጉት ምን ያህል እንደሚሰፋ በጎን ፎቶግራፍ እንድትልክለት ጠይቋል። ከአዘዞ ወዲያ ሲሄድ አገጭ የሚሸፍነውን የወንድሙን ሄልሜት እንደሚያደርግም ጽፏል። በነርሷ ፊት የተሰጠ ቃል ስለሆነ እንደሚጠብቀው ተስፋ አለኝ።

ቁጥር 30 የአዛውንቱ ነው። ከግንባሩ በላይ ባሉት ጠቅ የሚሉ ሦስት ቁልፎች ላይ የሚገጠመውን ክብ ቫይዘር አሁኑኑ፣ ከሄልሜቱ ጋር፣ ከዚያው አምራች እንዲያስመጣ አሳሰቡት፤ በቁልፎቹ መካከል ያለው ርቀት በሁሉም ዘንድ አንድ ስላልሆነ እዚህ የሚያገኘው ላይገጥምለት ይችላልና። ለኋለኛው ሰው የሚሆነውንም እኅቱን በዚያው እንዲያስቸግራት ጨምረው፣ ልኩን ግን በግምት እንዳይልክ አስጠንቅቀውታል።